ለደካማ ተጫዋች የሚስማማ የገና ዱላ

ታኅሣሥ ሲገባ ወሬው ሁሉ ስለ ተጫዋቹ ነው፤ ማን ይሮጣል፣ ማን አጥብቆ ይለጋል፣ የትኛው ሰፈር ያሸንፋል። ዱላውን የሚያነሣ የለም። እኔ ግን ከጨዋታው ሁሉ አብልጬ የምወደው እሱኑ ነው። ጎበዝ ያገኘውን ይዞ ይጫወታል፤ ለደካማው ግን ዱላው የጨዋታው ግማሽ ነው።

ገናን ለማስተዋወቅ ብዙ መድከም አያሻም፦ ሁለት ቡድን፣ ቆልማማ ዱላ፣ ከእንጨት ወይም ከቆዳ የተሠራ ጥንግ፣ ታኅሣሥ 29። እረኞች የጌታን ልደት ሰምተው በበትራቸው ተጫወቱ የሚለውንም ትውፊት ከልጅነታችን ጀምሮ እናውቀዋለን።

ዱላ ሲመረጥ ብዙ ሰው የሚሳሳተው በክብደቱ ነው። ከባድ ዱላ ሩቅ ይለጋል ይባላል። እዚሁ አርባ ምንጭ፣ ሲቀላ ሰፈር የሚኖር አንድ ጎረምሳ የአጎቱን የወይራ ዱላ ተሸክሞ መጣና «ጋሼ፣ ይቺን ይዤ ማን ይችለኛል?» አለኝ። «እስቲ ደጋግመህ ሰንዝር» አልኩት። ጥቂት እንደ ሰነዘረ ክንዱ ዛለ፤ ጫፉም መሬቱን ይጭር ጀመር። አጎቱ ድንጋይ ሲፈልጥ የኖረ ሰው ነው፤ ዱላው የሱ ክንድ ልክ እንጂ የልጁ አይደለም።

ነገሩ ስሌት አለው። ዱላው ይዞት የሚመጣው ጉልበት ክብደቱ እጥፍ ሲሆን እጥፍ ይሆናል፤ ፍጥነቱ እጥፍ ሲሆን ግን አራት እጥፍ ነው። ክንደ ደካማ ሰው በከባድ ዱላ የሚያጣው ይህንኑ ፍጥነት ነው። ክብደቱ ደግሞ ሁሉ ጫፉ ላይ ከተከማቸ ለመሰንዘርም ለመግታትም ያስቸግራል። በዓለም አቀፉ የሜዳ ሆኪ ሕግ እንኳ የባለሙያ ዱላ ከ737 ግራም መብለጥ አይችልም። ጎልፍ ተጫዋች እስከ 14 ዱላ ይዞ እንዲገባ ይፈቀድለታል፤ ለጀማሪ የሚሠሩት የብረት ዱላዎችም ጀርባቸው ተቦርቡሮ ክብደታቸው ወደ ጠርዝ ይወጣል፤ ኳሱ መሐሉን ቢስትም ዱላው እጅ ውስጥ ብዙ እንዳይጠማዘዝ ነው። የኛ ተጫዋች ያለው አንድ ዱላ ብቻ ነው። ስለዚህ ጀማሪ ቁልመማው ሰፋ፣ ሆዱ ጠፍጠፍ ያለውን ይምረጥ፤ ጥንጉን ቢስትም በትንሹ ይስታል።

አሁን ወደ ቁልመማው እንምጣ። የዱላ ነፍሱ እዚያ ነው። እንጨት ርዝመቱን ተከትለው የሚሄዱ ጭረቶች አሉት። ዛፉ ራሱ አጎንብሶ ካደገ ጭረቱም አብሮት ይታጠፋል፤ እንዲህ ያለው ዱላ ምቱን ከጫፍ እስከ እጀታ ተሸክሞ ያሳልፈዋል። ከቀጥ ያለ ሳንቃ ተቆርጦ የተቆለመመ ግን ጭረቱ መታጠፊያው ላይ ይቋረጣል፤ የሚሰበረውም እዚያው ነው። ስለዚህ ዱላ ስትገዛ በጣትህ ጭረቱን ከእጀታው ጀምረህ ተከተል። መታጠፊያው ላይ ከጎን ወጥቶ ካለቀብህ ለሻጩ መልስለት። በተፈጥሮው የጎበጠ ካልተገኘ እርጥብ እንጨት በእሳት አሙቆ፣ ቀስ ብሎ አጉብጦ፣ አስሮ ማድረቅ ይቻላል። ሙቀት እንጨትን ያለሰልሰዋል፤ ታስሮ ሲቀዘቅዝና ሲደርቅ ቅርጹን ይይዛል። ችኮላ ግን አይወድም።

አርባ ምንጭ ላይ ይህ ችኮላ ብዙ ዱላ ያበላሻል። እንጨቱ ከጨንቻ ብርድና ጉም ተቆርጦ ከ1,000 ሜትር በላይ ቁልቁል ወርዶ ቆላ ይገባል። ባለቤቱ «ቶሎ ይድረቅልኝ» ብሎ ፀሐይ ላይ ያሰጣዋል። ውጪው ቀድሞ ደርቆ ይኮማተራል፣ ውስጡ ገና እርጥብ ነው፤ ስለዚህ ይሰነጠቃል። እባካችሁ ልጣጩን አትቸኩሉበት፤ ውሃ ቶሎ የሚያመልጠው በተቆረጠው ጫፍ በኩል ስለሆነ ሁለቱንም ጫፍ ሰም ወይም ጭቃ ቀብታችሁ ነፋስ በሚገባበት ጥላ ሥር አኑሩት። ለገና የታሰበ ዱላ ታኅሣሥ ውስጥ ሳይሆን ቀደም ብሎ መቆረጥ አለበት።

ከዛፎቹ ወይራን የሚያህል አላየሁም፤ ጠንካራ ስለሆነ ቀጭኑ ይበቃል፣ ክብደቱም በቅጥነቱ ይካካሳል። ጽድ ቀጥ ብሎ ስለሚፈለጥ አልመክረውም። ቀርከሃ ቀሎ ያታልላል፤ ለዶርዜ ቤት ግሩም ነው፣ ውስጡ ክፍት ስለሆነ ግን ከጥንግ ጋር አይገጥምም።

እንጨቱ ከየት ይምጣ የሚለው ላይ ቆጣ እላለሁ። ለከተማችን ስሟን የሰጡት ምንጮች የሚፈልቁበት ደን የነጭ ሣር ብሔራዊ ፓርክ አካል ነው፤ ለአንድ ቀን ጨዋታ ብሎ እዚያ ገጀራ ይዞ መግባት ነውር ነው። የጋሞ ደጋ ሽማግሌዎች አክብረው ያቆዩአቸውን ደኖችና የቤተ ክርስቲያን ቅጥር ዛፎችንም እንዲሁ አትንኩ። ከገዛ አጥር የተገረዘ ቅርንጫፍ ይበቃል። ጫፉ ላይ ሽቦና ምስማር የሚያስሩትንም አልወዳቸውም፤ ብረቱ ጥንጉን ሳይሆን የሰው ቅልጥም ነው የሚያገኘው።

ቁመቱን ለመለካት ጥንጉን መሬት ላይ አስቀምጥ፤ ለመለጋት እንደምትዘጋጅ ሁነህ ቁም። የቁልመማው ሆድ ጀርባህን ብዙ ሳታጎብጥ ከጥንጉ አጠገብ ካረፈ ልክህ ነው። ወገብህ ካጎነበሰ አጥሯል፣ ክርንህ ወደ ኋላ ከተገፋ ረዝሟል፤ የረዘመውን ከእጀታው በኩል ቁረጠው እንጂ ከቁልመማው በኩል እንዳትነካው።