የክፍል ሥርዓት ለየቲም ልጅ እዝነት ነው



በሰበታ፣ በቡራዩና በሱሉልታ የሚገኙ የቲሞችን ስንረዳ ደብተርና ዩኒፎርም እናስባለን፤ ልጁ ክፍል ውስጥ ስለሚገጥመው ሥርዓት ግን ብዙም አንጠይቅም።

ያረፈደን ተማሪ «ነገ ወላጅ ይዘህ ና» ብሎ መመለስ የተለመደ ነው። አባቱ የሞተበት፣ እናቱም ማልዳ ለቀን ሥራ የምትወጣበት ልጅ ማንን ይዞ ይምጣ? በጓደኞቹ ፊት ሐዘኑ ይቀሰቀሳል፤ ውሎ አድሮም ከትምህርት ሊቀር ይችላል። ስለዚህ ያረፈደ ልጅ በጸጥታ ገብቶ ይቀመጥ፤ መምህሩም ምክንያቱን ከትምህርት በኋላ ለብቻው ይጠይቀው። እስክሪብቶ የሌለውም ችግሩን በሰው ፊት ከመናገር ይልቅ በሩ አጠገብ ከተቀመጠ ሣጥን ያንሣ፤ ሲወጣም ይመልስ።

እንዲህ ያለው ሥርዓት በአንድ ቀን ንግግር አይጸናም። ውዱእን ስናስተምር አድርገን እናሳያለን፤ ልጆቹ ያደርጉታል፤ የሳቱትን እናርማለን፤ እስኪለምዱት እንደግማለን። የክፍል ሥርዓትም በትምህርት ዘመኑ የመጀመሪያ ሳምንታት እንደዚሁ ይለመዳል። በእነዚህ አካባቢዎች አንዱ ልጅ በኦሮምኛ፣ ሌላው በአማርኛ አፉን የፈታ ስለሆነ መመሪያው በሁለቱም ይነገር። አባቱን ያጣ ልጅ የለመደው ኑሮ ፈርሶበታልና፣ ነገ ምን እንደሚጠብቀው የሚያውቅበት ክፍል ልቡን ያሳርፈዋል።

አላህ (ሱ.ወ.) በሱረቱ አድ-ዱሓ የቲም እንዳይበደል አዟል። በደል በዱላ ብቻ አይደርስም፤ ሳይታሰብ በሚነገር ቃልም ይደርሳል። ቤተሰቦች የልጁን ሁኔታ ለመምህሩ አስቀድማችሁ አስረዱ፤ ለጋሾችም ድጋፋችሁ ከመስከረም በፊት ይድረስ።