ለአጋዘን አደን የሚሆን ሽጉጥ

ኅዳር ሲገባ በኦሃዮ፣ በፔንስልቬንያና በቨርጂኒያ ጫካዎች ብርቱካንማ ሰደርያ የለበሰ ሰው ይበዛል። የአጋዘን አደን ወቅት ነው። አብዛኛው ጠመንጃ ወይም ሾትገን አንግቷል፤ አንዳንዱ ግን ደረቱ ላይ በታሰረ ማኅደር ውስጥ ካለው ትልቅ ሽጉጥ በቀር ሌላ መሣሪያ የለውም። ሽጉጥን በፖሊስ ወገብ ላይ ብቻ ለሚያውቅ ሰው ነገሩ ቅብጠት ይመስላል። በከፊል ቅብጠት ነው፤ በጠመንጃ ማደን ቀለለን ብለው ወደ እንስሳው ተጠግተው ለመተኮስ የሚሹ ሰዎች ያመጡት ፈሊጥ ነው። በከፊል ደግሞ ሕግ የወለደው ነው። ኦሃዮንና ኢሊኖይን በመሰሉ፣ ሜዳው ሰፊ፣ እርሻና መንደሩም የተቀላቀለ በሆነባቸው ግዛቶች የጠመንጃ ጥይት ስቶ ሩቅ ስለሚጓዝ፣ አጋዘንን በተራ ጠመንጃ ማደን ለረጅም ዘመን ክልክል ነበር። እዚያ ሽጉጥ ከሾትገን ጎን የቆመ የሥራ መሣሪያ ሆነ።

ምርጫውን ከእንስሳው መጀመር ይሻላል። ጅራቱ ከሥሩ ነጭ የሆነው የሰሜን አሜሪካ አጋዘን፣ ወንዱ ብዙውን ጊዜ ከ60 እስከ 130 ኪሎ ይመዝናል። እኛ አገር አጋዘን የምንለው እንስሳ ቀንዱን ዕድሜ ልኩን ይዞት ሲኖር፣ ይህኛው በየዓመቱ አራግፎ በየዓመቱ ያበቅላል። ቆዳው ስስ ነው፤ ግዙፍ አውሬ አይደለም። ልብና ሳንባው ያለበት ቦታ ከፊት እግሩ ኋላ፣ 20 ሳንቲሜትር ያህል ስፋት ያላት ክብ ናት፤ የሾርባ ሳህን ብታክል ነው። ጥይቱ እዚያ ካረፈ እንስሳው ጥቂት ሮጦ ይወድቃል። ወደ ሆዱ ከሄደ ግን ለሰዓታት ይሰቃያል፤ ብዙ ጊዜም ጫካ ገብቶ ሳይገኝ ይቀራል። ስለዚህ ተኳሹ በዚያ ሽጉጥ ክቧን ሳይስት የሚመታበት ርቀት ምን ያህል ነው? ለብዙ ሰው 50 ሜትር አይሞላም። ሻጩ «ይህ እስከ 100 ሜትር ይሠራል» ሲል የሚያወራው ስለ ጥይቱ ነው፤ የገዢውን እጅ አያውቀውም።

ጉልበት ሁለተኛ ነው፤ ቢሆንም አይናቅም። ሽጉጥ ሠሪው ስሚዝ ኤንድ ዌሰን እ.ኤ.አ. በ1935 ያወጣው .357 ማግነም የተባለ ጥይት ለሽጉጥ አደን በር ከፈተ፤ የኩባንያው ሰው ዳግላስ ዌሰን ራሱ ትልልቅ እንስሳትን አድኖበታል። የአይዳሆው ከብት አርቢና ጸሐፊ ኤልመር ኪት ግን ይህ አልበቃውም። በ1907 የወጣውን .44 ስፔሻል የተባለ ጥይት ፋብሪካው ከሚሞላው አስበልጦ በቤቱ ባሩድ እየሞላ ይተኩስ፣ ስለዚያም ሳይታክት ይጽፍ ነበር። ውትወታው ፍሬ አፍርቶ በ1955 ሬሚንግተንና ስሚዝ ኤንድ ዌሰን .44 ማግነምን አወጡ። ክሊንት ኢስትዉድ በ1971 «ደርቲ ሃሪ» በተባለው ፊልም ይህን ጥይት የሚተኩስ ሽጉጥ ይዞ ሲታይ አዳኞቹ ከያዙት 15 ዓመት አልፏቸው ነበር።

በሁለቱ መካከል ያለውን ልዩነት የፋብሪካ ሠንጠረዥ ቁልጭ አድርጎ ያሳያል። የተለመደው 158 ግሬን የ.357 አረር ከአፈሙዝ ሲወጣ 535 ፉት ፓውንድ ያህል ጉልበት አለው። 240 ግሬን የሚመዝነው የ.44 አረር 100 ያርድ ተጉዞ ሲደርስ እንኳ 540 ገደማ ይቀረዋል። አንዱ በተነሳበት፣ ሌላው በደረሰበት ይተካከላሉ ማለት ነው። ስለዚህ .357 ለአጋዘን ይበቃል የሚሉት አልተሳሳቱም፤ ግን የሚበቃው ለቅርብ ነው፤ በእኔ አስተያየት ከ40 ሜትር ወዲህ። ከ.44 በላይም አለ፦ ፍሪደም አርምስ በ1983 ገበያ ያወጣው ባለ .454 ካሱል ሽጉጥ፣ በ2003 የመጣው .500 ስሚዝ ኤንድ ዌሰን። ይህ የመጨረሻው ሁለት ኪሎ ያህል ይመዝናል፤ ለድብ ይሆን ይሆናል። ለአጋዘን መግዛት ግን ገንዘብንም የእጅ አንጓንም መቅጣት ነው። ምቱን የፈራ ተኳሽ ቃታውን ሊስብ ሲል ዓይኑን ይጨፍናል፣ እጁንም ያርገበግባል፤ ያን ጊዜ የጥይቱ ትልቅነት ምንም አይፈይድለትም።

ብዙዎቹ የሚመርጡት ሪቮልቨር ነው። በሲንግል አክሽን ሪቮልቨር፣ ለምሳሌ በሩገር ሱፐር ብላክሆክ፣ አውራ ጣት መዶሻውን ወደ ኋላ ሲስብ ጥይት የያዘው ጎማ አንድ እርምጃ ዞሮ ቀጣዩን ጥይት ከአፈሙዙ ትይዩ ያቆማል። ከዚያ ቃታው የሚቀረው መልቀቅ ብቻ ስለሆነ በጥቂት ግፊት ይለቃል፤ ሽጉጡም አይነቃነቅም። ዳብል አክሽን የሚባለው በቃታው ብቻም ይሠራል፤ ሆኖም አሳሳቡ ከባድ ስለሆነ ጥንቁቅ አዳኝ እዚያም መዶሻውን በእጁ ይስባል። አሮጌ ሩገር በቅናሽ ያገኘ ሰው ከ1973 በፊት የተሠራ መሆኑን ይጠይቅ፤ የዚያ ዘመን ሲንግል አክሽን መዶሻው ባረፈበት ጉድጓድ ጥይት ሳይገባበት፣ ስድስት በሚይዘው አምስት ብቻ ተጎርሶ ነው የሚያዘው። አለዚያ ወድቆ ሊተኩስ ይችላል።

ጎማውና አፈሙዙ በሚገናኙበት ቦታ ወረቀት የማያልፍባት የምትመስል ክፍተት አለች። ጥይት ሲተኮስ በዚያች ክፍተት ግራና ቀኝ የጋለ ጋዝ ይፈነጥቃል። ከጠመንጃ ልማድ የተነሳ ግራ እጁን ወደ ፊት አስረዝሞ የያዘ ሰው ጣቱ ክፉኛ ሊቆረጥ ይችላል፤ ሁለቱም እጆች እጀታው ላይ ይቀራሉ። ድምፁም ቀልድ አይደለም፤ አንድ ጊዜ ያለ ጆሮ መከላከያ መተኮስ እንኳ የመስማት ችሎታን ይጎዳል።

ሰው ብዙ የማያስብበት ማነጣጠሪያው ነው። በተዘረጋ ክንድ ጫፍ፣ ከዓይን 70 ሳንቲሜትር ርቆ ያለው የፊት ማነጣጠሪያ ውፍረቱ ሦስት ሚሊሜትር ቢሆን፣ 50 ሜትር ላይ ከ20 ሳንቲሜትር በላይ ይሸፍናል። ያቺ የልብና የሳንባ ክብ ሙሉ በሙሉ ተደበቀች ማለት ነው። ንጋት ላይ፣ ግራጫ ዛፍ መካከል የቆመ ግራጫ እንስሳ ሲጨመርበት ችግሩ ይብሳል። ለዚህ ነው ዛሬ ብዙዎች ሽጉጡ ላይ ቀይ ነጥብ የምታሳይ ትንሽ መስታወት ወይም በተዘረጋ ክንድ ርቀት እንዲታይ የተሠራ ቴሌስኮፕ የሚገጥሙት። ቴሌስኮፕ የእጅን መንቀጥቀጥም አብሮ ያጎላል፤ የሚጠቅመው መደገፊያ ላገኘ ሰው ነው። አፈሙዙ ከስድስት እስከ ሰባት ኢንች ተኩል ቢሆን ይበጃል፤ ለማነጣጠርም ይመቻል፣ ክብደቱም ምቱን ያለዝባል።

ሌሎች ዓይነቶችም አሉ። በ1967 የወጣው ቶምሰን ሴንተር ኮንቴንደር እንደ ሾትገን ተሰብሮ አንድ ጥይት ብቻ ይጎርሳል፤ አፈሙዙ እየተቀያየረ የጠመንጃ ጥይት ጭምር ይተኩሳል። አንድ ጥይት ብቻ መኖሩን ጉድለት የሚሉት አሉ፤ እኔ ግን ትዕግሥት የሚያስተምር ይመስለኛል። ካዝና ያላቸው ሽጉጦችም፣ በተለይ 10 ሚሊሜትር የሚተኩሱት፣ ወዳጅ አላቸው፤ ነገር ግን በሁሉም ግዛት አይፈቀዱም።

ሕጉ ከግዛት ግዛት ይለያያል። ኦሃዮ ቢያንስ አምስት ኢንች አፈሙዝና .357 ወይም ከዚያ በላይ የሆነ፣ ቀለሁ ቀጥ ያለ ጥይት ትጠይቃለች። ቨርጂኒያ ደግሞ .23 ወይም የበለጠ መጠንና ከአፈሙዝ ሲወጣ 350 ፉት ፓውንድ ጉልበት ብቻ ይበቃኛል ትላለች። ደንቡ በየጊዜው ስለሚሻሻል የዓመቱን መመሪያ ከግዛቱ የዱር እንስሳት መሥሪያ ቤት ማየት የግድ ነው።

ዜጋ ሳይሆን ግሪን ካርድ ያለውም ሽጉጥ መግዛት ይችላል፤ ፈቃድ ካለው ነጋዴ ሽጉጥ ለመግዛት ግን ዕድሜ 21 መሙላት አለበት፣ ግዢውም በሚኖሩበት ግዛት ነው። የአደን ፈቃድ ለማውጣት በአብዛኛው ቦታ የአዳኞች ትምህርት ይጠየቃል። ከሽጉጡ ዋጋ ውስጥ በ1937ቱ የፒትማን ሮበርትሰን ሕግ መሠረት የሚከፈለው 10 በመቶ ታክስ ለዱር እንስሳት ጥበቃና ለዚሁ ትምህርት ይውላል። ከመግዛት በፊት ደግሞ የተኩስ ሜዳ ሄዶ ተከራይቶ መሞከር አለ። የ.44 ማግነም ሽጉጥ ለስለስ ያለውን .44 ስፔሻልም ስለሚተኩስ፣ ጀማሪው በእሱ እጁን አስለምዶ ወደ ከባዱ ይሸጋገራል። የወረቀት ሳህን 25 ሜትር ላይ ሰቅሎ፣ አምስቱንም ጥይት ውስጡ ሲያሳርፍ ወደ 30፣ ከዚያም ወደ 40 ያርቀዋል። አንዷ ከሳህኑ ስትወጣ ለዚያ ዓመት አደን ርቀቱ ያ አይደለም፤ አንድ እርምጃ ወደ ኋላ ይመለሳል።