የመኖሪያ ቤት ፍላጎት ማስረጃ በአጎራባች አስተዳደሮች ዕቅድ ውስጥ

ለአንድ አካባቢ ሕዝብ ስንት መኖሪያ ቤት እንደሚያስፈልግ መወሰን በመጀመሪያ ሲታይ የመደመርና የመቀነስ ጉዳይ ይመስላል። ያለው ሕዝብ ይቆጠራል፤ የሚወለደውና የሚመጣው ይደመራል፤ የሚሞተውና የሚሄደው ይቀነሳል፤ የተገኘው ድምር በአማካይ የቤተሰብ ብዛት ተካፍሎ መሠራት የሚገባው ቤት ልክ ይታወቃል። በሥራ ላይ ግን ከእነዚህ አኃዞች አንዱ ዘወትር ከሌሎቹ የደከመ ሆኖ ይገኛል፤ ይኸውም የሚሄደው ሰው ቁጥር ነው። የሚመጣው ሰው መጠለያ፣ ሕክምና፣ ትምህርት ወይም ራሽን ስለሚሻ ራሱ ቀርቦ ይመዘገባል። የሚሄደው ግን ስሙን እንዲያሰርዝ የሚያስገድደው ነገር ስለሌለ ሳይነገር ይሄዳል፤ ስሙም በመዝገብ ላይ እንዳለ ይቀራል።

ይህ ጉድለት በአንድ አስተዳደር ወሰን ውስጥ ብቻ ቢቀር ጉዳቱ የተወሰነ በሆነ ነበር። ነገር ግን አንዱ ያላስተናገደው ቤት ፈላጊ ወደ ጎረቤቱ መሬት እንዲተላለፍ ሲወሰን ስሕተቱም አብሮ ይተላለፋል። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ይህ እንዴት እንደሚሆን በእንግሊዝ አገር በኮቨንትሪ ከተማና በአጎራባቾቿ ላይ ከደረሰው ተነሥቶ ማስረዳት፣ ለሠፈራና ለመልሶ ማቋቋም ሥራ የሚሰጠውንም ትምህርት ማመልከት ነው።

የመተባበር ግዴታ

በእንግሊዝ አገር የመሬት አጠቃቀምና የቤት ሥራ ዕቅድ የሚያወጡት የየአካባቢው ምክር ቤቶች ናቸው። የምክር ቤቶቹ ወሰን የተሠመረው በታሪክና በአስተዳደር ምክንያት እንጂ የሰው ኑሮ የሚሄድበትን መንገድ ተከትሎ አይደለም። በአንዱ ከተማ ውሎ በሌላው የሚያድር፣ በአንዱ ተወልዶ በሌላው ጎጆ የሚወጣ ብዙ ነው። ከዚህም የተነሣ ባለሙያዎች ፍላጎቱን የሚመረምሩት ሰዎች ለሥራ በሚመላለሱበትና ቤት በሚፈልጉበት ሰፋ ያለ ቀጠና ነው።

ቀደም ሲል ለየምክር ቤቱ የቤት ቁጥር የሚደለድለው ከበላይ የሚወጣ የክልል ዕቅድ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2011 የወጣው ሕግ የእነዚህን ዕቅዶች መሻር አስከተለ፤ በምትካቸውም አጎራባች ምክር ቤቶች ወሰን ተሻጋሪ በሆኑ ጉዳዮች ሁሉ እንዲመካከሩ የመተባበር ግዴታ ጣለባቸው። በተከታዩ ዓመት የወጣው የዕቅድ ፖሊሲ ደግሞ እያንዳንዱ ምክር ቤት በማስረጃ የተመዘነውን የቀጠናውን ፍላጎት እንዲያሟላ አዘዘ። መሬት የጠበበው ከተማ ሊሠራ ያልቻለውን ቤት ጎረቤቶቹ እንዲሠሩለት መጠየቅ ነበረበት።

የሚተላለፈው ቁጥር ቀላል አይደለም። እ.ኤ.አ. በጥር 2017 የጸደቀው የበርሚንግሃም ዕቅድ እስከ 2031 ድረስ 89,000 ያህል ቤት እንደሚያስፈልግ ገልጾ፣ በከተማው ወሰን ውስጥ ሊሠራ የሚችለው 51,100 ብቻ መሆኑን አስታውቋል። የቀረው 37,900 በአጎራባቾች ትከሻ ላይ የሚወድቅ ነበር።

ግዴታውን የዘነጋ ምክር ቤት የሚያገኘው ዋጋ በሰቨንኦክስ ታይቷል። ከለንደን ደቡብ ምሥራቅ የሚገኘው ይህ ምክር ቤት እ.ኤ.አ. በ2019 ያቀረበው ዕቅድ በወሰኑ ውስጥ ስለማይሟላው ፍላጎት ከጎረቤቶቹ ጋር በጊዜው በቂ ምክክር አላደረገም ተብሎ በመርማሪው ውድቅ ሆነ። ምክር ቤቱ ለከፍተኛው ፍርድ ቤት አቤት ቢልም በ2020 ተረታ። ምክክር ቁጥሩ ካለቀለት በኋላ የሚፈጸም ሥርዓት ሳይሆን ቁጥሩ በሚገኝበት ጊዜ የሚካሄድ ሥራ መሆኑን ይህ ፍርድ አጸና።

ሆኖም መመካከር ብቻውን እንደማይበቃ የኮቨንትሪ ጉዳይ ያስረዳል።

የኮቨንትሪ አኃዝ

ኮቨንትሪ በእንግሊዝ መካከለኛ ክፍል የምትገኝ፣ በመኪና ፋብሪካዎቿ የታወቀች ከተማ ስትሆን ሁለት ታላላቅ ዩኒቨርሲቲዎች አሏት፤ አንደኛው በከተማይቱ ዳርቻ ወሰን ላይ የተቀመጠ ነው። ዙሪያዋን የዎሪክሻየር አምስት ምክር ቤቶች ይገኛሉ፤ እነርሱም ዎሪክ፣ ራግቢ፣ ነኒተንና ቤድወርዝ፣ ሰሜን ዎሪክሻየር እና ስትራትፎርድ ኦን ኤቨን ናቸው።

እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2017 የጸደቀው የከተማይቱ ዕቅድ ከ2011 እስከ 2031 ባሉት ሃያ ዓመታት 42,400 ቤቶች እንደሚያስፈልጉ ወሰነ። በከተማይቱ ወሰን ውስጥ ሊሠራ የሚችለው 24,600 ሆኖ ስለተገኘ 17,800 ቤቶች ለጎረቤቶች የሚደለደሉ ሆኑ። ድልድሉ በመግባቢያ ሰነድ ተደረገ። ለራሱ ሕዝብ በዓመት 600 ቤት ይበቃው የነበረው የዎሪክ ምክር ቤት ከኮቨንትሪ የመጣ 332 ተጨምሮበት 932 ሆነበት፤ ራግቢም 2,800 ቤት ተቀበለ። ይህን ለማስተናገድ በከተሞች ዙሪያ ቤት እንዳይሠራበት ተከልሎ የኖረ የእርሻና የአረንጓዴ መሬት ከክልከላው መውጣት ነበረበት። ከኮቨንትሪ በስተደቡብ ያለው ኪንግስ ሂል የተባለው ቦታ ብቻ እስከ 4,000 ቤት እንዲይዝ ታሰበ።

በሥነ ሥርዓቱ በኩል ጉድለት አልነበረም። ጎረቤታሞች ተነጋገሩ፣ ተፈራረሙ፣ የየድርሻቸውን ወሰዱ። ጥያቄው ያለው ሁሉም ተስማምቶ የተካፈለው ቁጥር ራሱ ከየት መጣ በሚለው ላይ ነው።

ስሕተቱ የገባበት በር

የ42,400 መሠረት በብሔራዊ የስታቲስቲክስ ጽሕፈት ቤት የሚዘጋጀው የሕዝብ ቁጥር ግምትና ትንበያ ነበር። ወደ ኮቨንትሪ በየዓመቱ በሺህ የሚቆጠሩ የውጭ አገር ተማሪዎች ይመጣሉ። መምጣታቸው በዩኒቨርሲቲና በሐኪም ቤት መዝገብ ይታወቃል። ትምህርታቸውን ጨርሰው ወደየአገራቸው ሲመለሱ ግን ከየትኛው ከተማ እንደወጡ በእርግጠኝነት የሚናገር መዝገብ አልነበረም፤ መውጣታቸው የሚገመተው በዋናነት በአየርና በባሕር በሮች ላይ ከሚደረግ የናሙና ጥያቄ ነበር። በመሆኑም በስሌቱ ውስጥ ተማሪው ወደ ከተማይቱ ይገባል፤ ነገር ግን በበቂ መጠን አይወጣም። ትንበያው ደግሞ ያለፉትን ዓመታት አካሄድ ወደፊት የሚያራዝም ስለሆነ ጉድለቱን ለሃያ ዓመት አባዛው።

ስሕተቱን መጀመሪያ የጠረጠሩት የአካባቢው ነዋሪዎች ነበሩ። ክርክራቸውም ቀላል ነበር፤ ሕዝቡ የተባለውን ያህል ከጨመረ የሚወለደው ሕፃን፣ ትምህርት ቤት የሚገባው ልጅና የኤሌክትሪክ ተጠቃሚው አብሮ መጨመር ነበረበት፤ እነዚህ ምልክቶች ግን በዚያ መጠን አልጨመሩም። የስታቲስቲክስ ተቆጣጣሪው መሥሪያ ቤት ጉዳዩን መርምሮ እ.ኤ.አ. በ2021 ባወጣው ዘገባ፣ ብዙ ተማሪ ባለባቸው አንዳንድ አነስተኛ ከተሞች ግምቱ ከአካባቢው ማስረጃ ጋር እንደማይጣጣምና ከእውነቱ ከፍ ያለ ሊሆን እንደሚችል አስታወቀ።

በዚያው ዓመት የተካሄደው የሕዝብ ቆጠራ ክርክሩን ለየ። በ2011 ቆጠራ 317,000 ያህል የነበረው የኮቨንትሪ ሕዝብ በ2020 አጋማሽ 379,000 ደርሷል ተብሎ ተገምቶ ነበር። ቆጠራው ያገኘው 345,300 ነው። በግምቱ 62,000 ገደማ የተባለው ጭማሪ በቆጠራው 28,000 ገደማ ብቻ ሆነ። ቆጠራው የተካሄደው በወረርሽኝ ጊዜ ስለነበረ ተማሪዎች በትምህርት ጊዜ አድራሻቸው እንዲቆጠሩ ታዝዞ ነበር፤ ቢሆንም ልዩነቱ በዚህ ብቻ የሚብራራ አይደለም።

አኃዙ ምን ያህል በመነሻው ላይ እንደሚንጠለጠል ከዚያ በኋላ የሆነው ያሳያል። በ2022 የወጣው የቀጠናው አዲስ ጥናት የቆጠራውን ውጤት መሠረት አድርጎ ነበር። ከተማይቱ በ2023 ለሕዝብ አስተያየት ባቀረበችው ሰነድ ለሃያ ዓመት ሦስት የተለያዩ አኃዞች ተቀመጡ፤ በቀድሞው ትንበያ ላይ በቆመው የመንግሥት ቀመር 63,760፣ በአዲሱ ጥናት 39,280፣ ለታላላቅ ከተሞች ተብሎ የተጣለው የሠላሳ አምስት በመቶ ጭማሪ ሲነሣ ደግሞ 29,100 ሆነ። ከተማይቱ አንድ ናት፤ ከሁለት እጅ በላይ የሚራራቀው ቁጥር ነው።

ከመዝገብ ውጭ የሚቀረው ቤት ፈላጊ

ከዚህ ተነሥቶ ቁጥሩ ሁልጊዜ ይጋነናል ብሎ መደምደም ሌላ ስሕተት ይሆናል። የሄደው ሰው በመዝገብ ላይ እንደሚቀር ሁሉ ያለው ሰውም ከመዝገብ ውጭ የሚቀርበት ጊዜ አለ። ቤት በመወደዱ ምክንያት ጎጆ መውጣት ያልቻለ ወጣት በወላጆቹ ቤት ስለሚቆጠር እንደ አንድ ቤተሰብ አይታይም። ያለፈውን አካሄድ ብቻ የሚያራዝም ትንበያም ይህን እጦት እንደ ፍላጎት ማነስ አድርጎ ያነበዋል።

እ.ኤ.አ. በ2018 የእንግሊዝ ስታቲስቲክስ ጽሕፈት ቤት አዲስ የቤተሰብ ትንበያ ሲያወጣ በዓመት 210,000 ያህል የነበረው አዲስ ቤተሰብ ወደ 159,000 ዝቅ አለ። መንግሥት ግን ምክር ቤቶች የቀድሞውን ትንበያ እንዲጠቀሙ ወሰነ፤ ከምክንያቶቹ አንዱ የቤት እጥረት ራሱ አዳዲስ ቤተሰብ እንዳይመሠረት አግዶ ሊሆን ይችላል የሚል ነው። ይህ ሐሳብ በራሱ ትክክል ቢሆንም በኮቨንትሪ ላይ የነበረውን ጉድለት ደግሞ እንዳለ አቆየው። በታኅሣሥ 2024 የወጣው ቀመር መነሻውን ከሕዝብ ትንበያ አንሥቶ አሁን ባለው የቤት ብዛት ላይ አደረገ።

ለሠፈራ ሥራ የሚሰጠው ትምህርት

በሠፈራ ሥራ የሚልከውና የሚቀበለው ወረዳ ሁለቱም አንዱን ሕዝብ ይቆጥራሉ። በ1977 እና በ1978 ዓ.ም. ከወሎ፣ ከትግራይና ከሸዋ ወደ ምዕራብና ደቡብ ምዕራብ ወደ 600,000 የሚጠጋ ሰው በሠፈረ ጊዜ የመጣው ሲመዘገብ፣ ኋላ ጣቢያውን ትቶ የሄደው በዚያው ልክ ሲሰረዝ አልነበረም። በ1995 ዓ.ም. የተጀመረው በየክልሉ ውስጥ የሚደረግ ሠፈራ 440,000 አባወራዎችን ለማስፈር ያቀደ ሲሆን፣ በእርሱም የአንዱ ወረዳ ፍላጎት የሌላው ወረዳ የመሬት ድልድል ነበር። ከ1999 ዓ.ም. ቆጠራ በኋላ በሥራ ላይ የዋሉት የሕዝብ አኃዞች ደግሞ በእርሱ ላይ የተመሠረቱ ትንበያዎች በመሆናቸው ጥንቃቄው ይበልጥ ያሻል። ስለዚህ ድርሻ ከመካፈል አስቀድሞ የሚከተሉትን መመርመር ተገቢ ነው።

ሀ/ አጎራባች አስተዳደሮች በድርሻቸው ላይ ከመስማማታቸው በፊት በአቆጣጠሩ ዘዴ ላይ ይስማሙ። አንድ ቤተሰብ በላኪውና በተቀባዩ መዝገብ ሁለት ጊዜ አለመግባቱን ስሞቹን በማመሳከር ያረጋግጡ።

ለ/ የሚሄደው ሰው ቁጥር እንዴት እንደተገኘ ለብቻው ይጠየቅ። መልሱ «ከድምሩ ላይ ተቀንሶ» ወይም «ባለፈው ዓመት ልክ ተገምቶ» ከሆነ አኃዙ ገና አልተረጋገጠም ማለት ነው።

ሐ/ የመዝገቡ ቁጥር ሰው በሌለበት ሊታዩ ከማይችሉ ምልክቶች ጋር ይነጻጸር። የተወለዱና የተከተቡ ሕፃናት፣ አንደኛ ክፍል የገቡ ልጆች፣ ከውኃ ቦታ የሚቀዳው ውኃና በወፍጮ ቤት የሚፈጨው እህል ለዚህ ይረዳሉ። ሁሉም በአንድ አቅጣጫ ከመዝገቡ ከራቁ መዝገቡ ይመርመር።

መ/ በአንድ ጣሪያ ሥር ተጠግተው የሚኖሩ ቤተሰቦች ለይተው ይቆጠሩ። ከመዝገብ ላይ የሄዱትን ማውጣት ያለውን ችግረኛ ለመዝለል ምክንያት መሆን የለበትም።

ሠ/ በስምምነቱ ውስጥ አኃዙ እንደገና የሚፈተሽበት ቀን ይጻፍ፤ መሬቱም በየደረጃው ይለቀቅ። የእህል ድልድል በሚቀጥለው ወር ይታረማል፤ ቤት የተሠራበት እርሻ ግን ወደ እርሻነት አይመለስም።

የኮቨንትሪ አጎራባቾች የተፈራረሙበት ሰነድ ማን ስንት እንደሚወስድ በግልጽ ይናገር ነበር። የሚከፋፈለው ቁጥር የተገኘበት መንገድ ግን ከድልድሉ በፊት በየአካባቢው ምልክት አልተፈተነም። አጎራባቾች ተባብረው የሚሠሩት ሥራ መጀመሪያ ይህ ፈተና ሊሆን ይገባል፤ ስምምነት ሸክምን ያካፍላል እንጂ የተሳሳተ ቁጥርን አያቃናም።