የሚያድግ ልጅ ሕመምና ጂምናስቲክ
(በራዲዮ ከተነገረ ንግግር)

ልጅ በጂምናስቲክ ሲሠለጥን ማየት ወላጅን ደስ ያሰኛል። ሰውነት ይጠነክራል፤ ሥርዓትና ትዕግሥትም ይለመዳል። ነገር ግን ልጅቱ ከልምምድ ተመልሳ «ተረከዜን አመመኝ» ወይም «ወገቤን አመመኝ» ባለች ጊዜ በየቤቱ ሁለት ዓይነት መልስ ይሰማል። አንደኛው «የዕድገት ነው፤ ይለቅሻል» የሚል ሲሆን፣ ሁለተኛው «እንግዲያውስ ጂምናስቲኩ ይቅር» የሚል ነው። ሁለቱም ሳይመረመሩ የሚሰጡ ፍርዶች ናቸው። በራሱ ጊዜ የሚያልፍ ሕመም አለ፤ በዝምታ ከታለፈ ግን ዕድሜ ልክ የሚከተል ሕመምም አለ። የዛሬው ንግግራችን አንዱን ከሌላው ለመለየት የሚረዳ ነው።

በመጀመሪያ የልጅ ሰውነት የትልቅ ሰው ሰውነት አንሶ የተሠራ አለመሆኑን ማወቅ ያስፈልጋል። የልጅ አጥንት የሚረዝመው በጫፎቹ አጠገብ ባለ፣ ገና ባልጠነከረ ለስላሳ ክፍል ነው። ይህን ክፍል የማደጊያ ሥፍራ እንበለው። ሴቶች ልጆች በአብዛኛው ከ10 እስከ 13፣ ወንዶች ደግሞ ከ12 እስከ 15 ዓመት ባለው ዕድሜ ቶሎ ቶሎ ያድጋሉ። በዚያን ጊዜ አጥንቱ ቀድሞ ይረዝማል፤ ሥጋውና ጅማቱ ግን እኩል ስለማይከተሉ ይወጠራሉ። የተወጠረው ጅማት በዝላይና በሩጫ ብዛት ለስላሳውን ሥፍራ ሲጎትተው ሕመም ይነሣል።

ከዚህ ወገን በጣም የተለመደው የተረከዝ ሕመም ነው። ሴቨር የተባለው የቦስተን ሐኪም በ1912 እ.ኤ.አ. ስለ ጻፈበት በስሙ ይጠራል። የተረከዙን ግራና ቀኝ ጎን በጣት ሲጫኑት ልጁ ያመዋል፤ ከልምምድ በኋላም በጣቱ እየረገጠ ያነክሳል። የጂምናስቲክ ልጆች ያለ ጫማ ዘልለው ስለሚያርፉ ይህ ሕመም ይበዛባቸዋል። ሁለተኛው ከጉልበት ሎሚ በታች በቅልጥም አናት ላይ የሚሰማው ሕመም ነው፤ ሥፍራውም አብጦ ጉብ ይላል። ኦስጉድ በቦስተን፣ ሽላተር በዙሪክ በ1903 እ.ኤ.አ. ገልጸውታል። ሁለቱም ቢያስጨንቁም አጥንቱ ሲጠነክር የሚያልፉ ናቸው። ዝላዩን ለጥቂት ሳምንታት መቀነስ፣ በረዶ በጨርቅ ጠቅልሎ 15 ደቂቃ ያህል ማስያዝ፣ የባትንና የጭንን ሥጋ በእርጋታ ማፍታታት ይበቃል። ስፖርቱን ፈጽሞ መተው አብዛኛውን ጊዜ አያስፈልግም።

የእጅ አንጓና የወገብ ሕመም ግን በቀላሉ የሚታይ አይደለም። በጂምናስቲክ እጅ የእግርን ሥራ ይሠራል፤ ልጅቱ በእጇ ስትቆምና ስትገለበጥ የሰውነቷ ክብደት ሁሉ፣ አንዳንዴም ከክብደቷ እጥፍ የሚበልጥ ኃይል በአንጓዋ ላይ ያርፋል። በአውራ ጣት በኩል ያለው የክንድ አጥንት የማደጊያ ሥፍራ በዚህ ምክንያት ከተጎዳ ዕድገቱን ያለ ጊዜው ሊያቆም ይችላል። በትንሿ ጣት በኩል ያለው ግን ማደጉን ስለሚቀጥል የአንጓው ሚዛን ይዛባል። እንደዚሁም ደጋግሞ ወደ ኋላ መታጠፍ በታችኛው የአከርካሪ አጥንት ላይ ስንጥቅ ሊያመጣ ይችላል። ወደ ኋላ ሲታጠፉ የሚብስ የወገብ ሕመም ከ2 ሳምንት በላይ ከቆየ ሐኪም ሊያየው ይገባል። በጊዜው ከተደረሰበት በዕረፍት ሊድን ይችላል።

በተረፈ ማታ ማታ ሁለቱንም እግር አሞ ጧት የሚጠፋ፣ ልጁንም ከጨዋታ የማያግድ ሕመም አያሳስብም። አንድ ቦታ ብቻ የሚያም፣ ያበጠ፣ ትኩሳት ያለበት፣ የሚያስነክስ ወይም ቀን በቀን የሚብስ ከሆነ ግን ወደ ሐኪም ቤት መሄድ እንጂ ነገን መጠበቅ አይገባም።

እዚህ ላይ ሁለት ነገሮችን እናሳስባለን። አንጓው ወለም ብሏል ተብሎ ራጅ ሳይነሣ ለወጌሻ መስጠት አደጋ አለው፤ ማሸትና መጎተት የተጎዳውን የማደጊያ ሥፍራ ይበልጥ ሊጎዳው ይችላልና። የሕመም ማስታገሻ አስውጦ ወደ ልምምድ መስደድም ጉዳቱን መሸፈን እንጂ ማዳን አይደለም። ከዚህም ጋር፣ ሰውነት ቀጭን እንዲሆን ተብሎ ከሚያድግ ልጅ ምግብ መቀነስ አጥንትን ያደክማል።

ከሁሉ የሚከፋው ግን ልጁ ሕመሙን የደበቀ እንደ ሆነ ነው። «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም» ይባላል። ልጅ የሚደብቀው ከቡድኑ እንዳይወጣ፣ አሠልጣኙም ሰነፍ እንዳይለው ፈርቶ ነው። በ1976 እ.ኤ.አ. በሞንትሪያል ኦሊምፒክ ናዲያ ኮማነቺ 10 ከ10 ስታገኝ ዕድሜዋ 14 ዓመት ነበር፤ ዓለምም አደነቀ። ከ1997 እ.ኤ.አ. ወዲህ ግን ዓለም አቀፉ የጂምናስቲክ ፌዴሬሽን ሴቶች በዋናው ውድድር ለመሰለፍ በዚያው ዓመት 16 ዓመት የሚሞላቸው መሆን እንዳለባቸው ወስኗል። ለውድድሩ ልጁ እስኪያድግ መጠበቅ ከተቻለ፣ ወላጅና አሠልጣኝ ለጥቂት ሳምንታት ዕረፍት መታገሥ አያቅታቸውም።

ስለዚህ፣ ክቡራን አንባብያን፤ ማታ ከቢሮ ስትመለሱ ልጃችሁን «ዛሬ ምን ቻልክ?» ብላችሁ ከመጠየቃችሁ ጋር «የቱ ጋ አመመህ?» ብላችሁም ጠይቁ። መልሱንም ያለ ቁጣ ስሙ። ሕመሙን ተናግሮ ያልተገሠጸ ልጅ ሁለተኛም ይናገራል።