ድምፃችን የሚያጋልጠውና የማያጋልጠው

ዘመድ ደውሎ «ሰላም ነው፣ ምንም የለም» ሲለን፣ «ድምፅህ ግን ልክ አይደለም፤ ምን ሆነሃል?» ብለን የምናፋጥጠው ያለ ምክንያት አይደለም። ጆሯችን ከቃሉ ባሻገር የሚሰማው ነገር አለ። እኔን ለዚህ ጽሑፍ ያነሳሳኝ ግን ይህንኑ ችሎታ ለኮምፒውተር አስተምረን «ድምፅ ሰምተን ውሸታም እንለያለን» የሚሉ ነጋዴዎች ናቸው።

ድምፅ የሚፈጠረው ከሳንባ የሚወጣ አየር ማንቁርት ውስጥ ያሉትን የድምፅ አውታሮች ሲያርገበግብ ነው። በተለመደው ንግግር የአዋቂ ወንድ አውታሮች በሰከንድ ከ100 እስከ 120 ጊዜ፣ የሴት ደግሞ 200 ጊዜ ገደማ ይርገበገባሉ። ስንደነግጥ ወይም ስንቆጣ ልብ ይፈጥናል፣ ትንፋሽ ያጥራል፣ አፍ ይደርቃል፣ የማንቁርት ጡንቻዎችም ይወጠራሉ። የክራር ክር ሲወጠር እንደሚቀጥን ሁሉ የእኛም ድምፅ ይቀጥናል። ሐዘን ሲጫነን ብዙውን ጊዜ ተቃራኒው ነው፤ ድምፁ ዝቅ ይላል፣ ንግግሩ ይንቀራፈፋል፣ ዝምታው ይበዛል።

በዘርፉ በተደጋጋሚ የሚጠቀሰው የአሜሪካዊው የሬዲዮ ጋዜጠኛ የኸርበርት ሞሪሰን ቅጂ ነው። እ.ኤ.አ. በሜይ 1937 ሂንደንበርግ የተባለው የጀርመን የአየር መርከብ ኒው ጀርሲ ላይ ሲያርፍ እየዘገበ ሳለ፣ መርከቡ በእሳት ተያይዞ 36 ሰዎች ሞቱ። ተመራማሪዎቹ ካርል ዊሊያምስና ኬኔት ስቲቨንስ የሞሪሰንን ድምፅ ከእሳቱ በፊትና በኋላ አነጻጽረው፣ ከአደጋው በኋላ መቅጠኑንና መዋዠቁን አሳይተዋል። «በፊትና በኋላ» የሚለውን ልብ ይበሉልኝ። የሰውየውን የወትሮ ድምፅ ሳያውቁ ቀጭን ድምፅ ሰምቶ «ይህ ሰው ተጨንቋል» ማለት፣ በተፈጥሮው ድምፀ ቀጭን የሆነውን ሁሉ መወንጀል ነው።

ሌላም ችግር አለ። ቁጣም፣ ፍርሃትም፣ ታላቅ ደስታም ድምፅን ያቀጥናሉ፣ ከፍም ያደርጋሉ። መሣሪያው የሚለካው መጋጋላችንን እንጂ ምክንያቱን አይደለም። እውነተኛውም ሰው መርማሪ ፊት ሲቀርብ ድምፁ ይንቀጠቀጣል፤ የለመደበት ውሸታም ግን ላይንቀጠቀጥ ይችላል።

ይህ የእኔ ግምት ብቻ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2008 ይፋ በሆነ ጥናት፣ በኦክላሆማ ካውንቲ እስር ቤት የተያዙ ሰዎች በቅርቡ አደንዛዥ ዕፅ ወስደው እንደሆነ ተጠየቁ፤ መልሳቸውም በሽንት ምርመራ ተጣራ። በገበያ ላይ የነበሩ ሁለት የድምፅ መመርመሪያ ፕሮግራሞች ከዋሹት መካከል የለዩት 15 በመቶ ያህሉን ብቻ ነበር። እንዲህ ላለ ውጤት ገንዘብ የሚከፍል የፖሊስ ተቋም መኖሩ ያስገርመኛል።

የአውሮፓ ኅብረት በበኩሉ ከፌብሯሪ 2025 ጀምሮ ከሕክምናና ከደኅንነት ምክንያት በስተቀር፣ በሥራ ቦታና በትምህርት ቤት የሰዎችን ስሜት ከድምፅም ሆነ ከፊት የሚገምት ሰው ሠራሽ አስተውሎትን ከልክሏል።

በአማርኛም ሥራው ተጀምሯል። እ.ኤ.አ. በ2022 ተመራማሪዎች ከ65 ፈቃደኞች፣ በጎጃም፣ በጎንደር፣ በወሎና በሸዋ አነጋገር፣ 2,474 አጫጭር የድምፅ ቅጂዎችን ሰብስበው አቅርበዋል። ለጥናት መነሻ የሚሆን ጥሩ ሥራ ነው፤ የባንክ ደንበኛን ወይም ሥራ ፈላጊን ለመመዘን ግን 65 ሰው በጣም ጥቂት ነው።