«ዞን»፣ «ክልል» ወይስ «ቀጠና»?
ስለ አንጎለ ኮምፒውተር የሙቀት ስፍራዎች አሰያየም

ለሙያዊ ቃል አቻ ሲፈለግ፣ የሚመረጠው ቃል በአንባቢው ዘንድ አስቀድሞ ምን ፍች እንደ ያዘ መመርመር ይገባል። በሊኑክስ ከርነል የሃርድዌር መግለጫ ውስጥ ያለው የሙቀት ስፍራዎች አሰያየም ለዚህ ምሳሌ ይሆነናል።

ከርነሉ የባለብዙ ኮር አንጎለ ኮምፒውተርን ሙቀት ሲከታተል ሁለት ነገሮችን ይለያል፤ እነዚህም ሙቀቱን የሚለካው ዳሳሽና ልኬቱ የሚወክለው ስፍራ ናቸው። አንድ ስፍራ አንድ ኮር ብቻ ወይም የኮሮች ስብስብ ሊሆን ስለሚችል ዳሳሽ፣ ኮርና ስፍራ በአንድ ቃል ሊጠሩ አይገባም። ለየስፍራው የሙቀት መጠኖች ይወሰናሉ፤ የሚጻፉትም በሺኛ ዲግሪ ስለ ሆነ 95 ዲግሪ ሴልሺየስ 95000 ተብሎ ይሰፍራል። ሙቀቱ ከመጨረሻው መጠን ሲደርስ ከርነሉ መሣሪያውን ይዘጋል፤ ያልተቀመጠ ሥራም ይጠፋል።

እንግዲህ ስፍራውን «ዞን»፣ መጠኑንም «ወሰን» ብንል፣ ማስጠንቀቂያው «የዞኑ ሙቀት ከወሰኑ አልፏል» የሚል ይሆናል። ይህን መተማ ላይ የሚያነብ ሰው ምን ይረዳል? መተማ በምዕራብ ጎንደር ዞን፣ በአማራ ክልል፣ ከሱዳኗ ገላባት ፊት ለፊት ያለች የወሰን ከተማ ናት፤ በበጋው መጨረሻም የአየሩ ሙቀት ከ40 ዲግሪ የሚያልፍባቸው ቀናት አሉ። ስለዚህ ዓረፍተ ነገሩ የአየር ጠባይ ወሬ ይመስላል። «ዞን»ን በ«ክልል» መተካትም የአስተዳደሩን እርከን ከመለወጥ በቀር ችግሩን አያቃልልም።

«ቆላ»፣ «ወይና ደጋ»፣ «ደጋ» የሚሉት ነባር ስሞች ቢታሰቡም አይስማሙም። እነርሱ የአገሩን ዘላቂ ጠባይ ያመለክታሉ፤ የኮር ሙቀት ግን በሰከንዶች ውስጥ ይለዋወጣል። ስሙ መናገር የሚገባው የሚለካው ነገር ምን እንደ ሆነ እንጂ ምን ያህል እንደ ሞቀ አይደለም።

በዚህ መሠረት «የሙቀት ዳሳሽ»፣ «የሙቀት ቀጠና»ና «የሙቀት ደፍ» የሚሉትን እናቀርባለን። «ቀጠና»ም በጦርና በፖለቲካ ቋንቋ የሚሠራበት ስለ ሆነ ብቻውን አይቁም፤ የሚለካውን አካል ስም ያስከትል፤ «የኮር 0 ሙቀት ቀጠና ከደፉ አልፏል» ሲባል የሚያሳስት የለም። በመግለጫው ውስጥ ያለው መለያ ስም ግን በላቲን ፊደል የተወሰነ በመሆኑ እንዳለ ይቀመጣል፤ የሚተረጐመው ማብራሪያው ብቻ ነው።