ከረሜላ፣ ናዕናዕ፣ ፔሬሜንዴ

እዚህ ካኩማ የተወለደ ልጅ ሱማሌ ሱቅ ሲላክ «ናዕናዕ» ብሎ ይገዛል፤ ኬንያዊው ሱቅ ሲሄድ «ፔሬሜንዴ» ይላል። ቤት ገብቶ ናዕናዕ ካመለጠው ግን ቁጣ አለ። «ከረሜላ በል! ቋንቋህን ልትረሳው ነው እንዴ?» ቁጣው ይገባናል። ከአገር ርቆ ያደገ ልጅ አማርኛን በዋናነት የሚሰማው ከወላጁ አፍ ነው። ታዲያ የምንቆጣለት ቃል ራሱ ከየት መጣ?

ከረሜላ የጣልያን ቃል ነው፤ እነሱ «ካራሜላ» ይሉታል። እንደ ማኪና፣ ጎማና ፎርኖ ከነሱ ነው የወሰድነው። ጣልያኖችም ቢሆኑ ከስፔኖች ነው የተዋሱት። ሥሩ ላቲን ሲሆን ሊቃውንቱ እዚህ ላይ ይለያያሉ። ገሚሶቹ «ትንሽ ሸምበቆ»፣ ገሚሶቹ «የማር አገዳ» ማለት ነው ይላሉ። ያም ሆነ ይህ ከሸንኮራ አገዳ አንወጣም። በ1946 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው ወንጂ አገዳውን ስኳር ሲያደርግ፣ ደስታ ከረሜላም እዚያው ይሠራ እንደነበር ትልልቆቹ ያስታውሳሉ።

ሸምበቆ ያሉት ልክ ከሆኑ ደግሞ ሌላ ዝምድና ይመጣል። የላቲኑ ቃል የወጣው ከግሪኩ «ካላሞስ» ነው፤ ሸምበቆም የሸምበቆ ብዕርም ማለት ነው። የኛ «ቀለም» የመጣውም ከዚሁ ነው። ከረሜላና ቀለም የአክስት ልጆች ሆኑ እኮ! ተማሪዎች ይህን እንዳይሰሙብን።

ናዕናዕስ? ዐረብኛ ነው፤ ሻይ ውስጥ የምንጨምረው ቅጠል፣ ናና! ሱማሌዎች የቅጠሉን ስም ለከረሜላው ሰጡት፣ እኛ ለቅጠሉ ብቻ ያዝነው። የስዋሂሊው ፔሬሜንዴም ከእንግሊዝኛው «ፔፐርሚንት» የመጣ ነው፤ እሱም የናና ዘር ነው። ስለዚህ ልጁ ናዕናዕ ሲል እናት ሻይዋ ውስጥ የምትጨምረውን ቃል ነው የሚጠራው። እኛ ብንጠየቅ ናዕናዕን ከአፉ አንነጥቀውም፤ ከረሜላንም ናናንም እንጨምርለታለን።

አሜሪካ ዘመድ ያላችሁ ደግሞ ይህን ያዙ። እዚያ «ካራሜል» የሚባለው ስኳር ተቃጥሎ በወተትና በቅቤ የሚሠራው፣ ጥርስ ላይ የሚጣበቀው ቡናማው ነው። እኛ የምናውቀው ደረቁ ከረሜላ «ካንዲ» ነው የሚባለው። ይሄም ቃል ከሕንድ ተነስቶ በዐረቦች በኩል የዞረ ሲሆን፣ መጀመሪያ ትርጉሙ «ቁራሽ» ነበር።